ከጡት ካንሰር ሕክምና በኋላ የሚገኝ አጠራጣሪ የማሞግራም ውጤት፦ በወለጋ ለሚሠሩ የጤና ባለሙያዎች

የጡት ካንሰር ሕክምናዋን ጨርሳ ወደ ነቀምቴ፣ ጊምቢ ወይም ደምቢ ዶሎ የተመለሰች ሴት፣ ለክትትል በተነሳችው የጡት ራጅ (ማሞግራም) ላይ «በእርግጠኝነት መወሰን አልተቻለም፤ ከስድስት ወር በኋላ ይደገም» የሚል ውጤት ልታገኝ ትችላለች። ወረቀቱን ይዛ የምትመጣው ግን ራዲዮሎጂስቱ ዘንድ ሳይሆን በአቅራቢያዋ ወዳለው ጠቅላላ ሐኪም፣ ጤና መኮንን ወይም ነርስ ነው።

ቀዶ ሕክምናና ጨረር የጡትን መልክ ይለውጣሉ። ጨረር የሚያስከትለው የቆዳ መወፈርና እብጠት በመጀመሪያዎቹ ወራት ጎልቶ ይታይና በሁለትና ሦስት ዓመት ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል። የቀዶ ሕክምና ጠባሳም ሆነ የሞተ ስብ ዕጢ ሊመስል ይችላል፤ የካልሲየም ክምችትም ይፈጠራል። ዋናው ቁም ነገር ለውጡ በጊዜ ሂደት የሚያሳየው አቅጣጫ ነው። እየቀነሰ የሚሄድ ወይም ባለበት የጸና ለውጥ ያጽናናል፤ ከጸና በኋላ ያደገ ወይም አዲስ የታየ ግን ናሙና ተወስዶ ሊመረመር ይገባል። እንግዲህ አጠራጣሪነቱ ብዙ ጊዜ የሚመነጨው የሚነጻጸር የቀድሞ ፊልም ካለመኖሩ ነው። ታካሚዋ ፊልሞቿንና የፓቶሎጂ ውጤቷን ጠብቃ እንድትይዝ መምከር ከብዙ የማጽናኛ ቃል ይበልጣል።

ሕመሙ ዘግይቶ ሲታወቅ ጡቱ በሙሉ ስለሚወገድ፣ ለብዙዎቹ ማሞግራም የሚነሳው ሌላኛው ጡት ነው። የተወገደው ወገን፣ ደረቱና ብብቱ ጭምር፣ በእጅ ይመረመራል።

ባይ-ራድስ በሚባለው አመዳደብ 0 ማለት «ምንም የለም» ሳይሆን «ምርመራው አልተጠናቀቀም» ማለት ነው፤ ይህ ስሕተት አደገኛ ነው። ምድብ 3 ካንሰር የመሆን ዕድሉ ከ2 በመቶ ያልበለጠ ነው። ይሁንና አኃዙ በዋነኛነት የተገኘው ካንሰር ካልነበራቸው ሴቶች በመሆኑ፣ ቀደም ሲል ለታከመች ሴት በጥንቃቄ ሊነገር ይገባል። ምድብ 4 ናሙና መውሰድን ይጠይቃል።

«ምንም የለብዎትም» ማለትም ሆነ «ሳይመለስ አልቀረም» ማለት እውነትን ያዛባል። የታየው ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደሚጠበቅና ቀጣዩ ቀጠሮ መቼ እንደሆነ በምትረዳው ቋንቋ፣ ለአብዛኞቹም በአፋን ኦሮሞ፣ ሊነገራት ይገባል። አብሯት የመጣ ዘመድ ካለ፣ ፈቃዷ ተጠይቆ፣ አብሮ ቢሰማ መልካም ነው፤ የደነገጠ ሰው ከሰማው የሚይዘው ጥቂቱን ነውና። ጸሎቷን ከቀጠሮዋ ጋር ማፎካከር አያስፈልግም።

ከነቀምቴ አዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በወለጋ በተከሰተው ግጭት መንገድ የተዘጋባቸው ጊዜያትም ነበሩ። ስለዚህ ቀጠሮው የመንገዱንና የክረምቱን ሁኔታ አገናዝቦ ቢያዝ ይመረጣል፤ ስሟም በመዝገብ ተይዞ ብትቀር ትፈለግ። ታሞክሲፈን የምትወስድ ከሆነ ውጤቱን እየጠበቀች መድኃኒቱን እንዳታቋርጥ በግልጽ ይነገራት።

አዲስ እብጠት፣ የቆዳ ቁስለት፣ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ መግባት፣ የብብት ንፍፊት፣ የማይተው የአጥንት ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር ከታየ ስድስት ወሩ አይጠበቅም፤ ወዲያውኑ ወደ ከፍተኛ ሕክምና ትላካለች።