ከመረቡ ወዲህና ወዲያ

የጃፓን የባድሜንተን ቡድን ከ2004ቱ የአቴንስ ኦሊምፒክ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የተመለሰው አንገቱን ደፍቶ ነበር። አብዛኞቹ ተጫዋቾች የመጀመሪያ ጨዋታቸውን እንኳ አላለፉም። በዚያው ዓመት መገባደጃ ፌዴሬሽኑ ዋና አሰልጣኝ አድርጎ የቀጠረው ኮሪያዊውን ፓርክ ጁ ቦንግን ነው። የጃፓንን ቅኝ አገዛዝ ያየ ትውልድ ገና በሕይወት ሳለ አንድ የኮሪያ ጀግና የጃፓን ልጆችን ለማሠልጠን ቶኪዮ መግባቱ ቀላል ነገር አልነበረም። የሄደውም ለአጭር ጊዜ አይደለም፤ ሃያ ዓመት ያህል ቆየ።

ጀግና መባሉ ማጋነን አይደለም። በ1985 ካልጋሪ ላይ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና በወንዶች ጥንድ ከኪም ሙን ሱ፣ በድብልቅ ጥንድ ከዩ ሳንግ ሂ ጋር ሁለት ወርቅ ሲወስድ ገና የ20 ዓመት ወጣት ነበር። ኋላ የዓለም ሻምፒዮና ድሎቹን አምስት አደረሳቸው። ባድሜንተን ለመጀመሪያ ጊዜ በይፋ ሜዳሊያ በተሰጠበት የ1992 የባርሴሎና ኦሊምፒክም እሱና ኪም ሙን ሱ በፍጻሜው ኢንዶኔዥያውያኑን ኤዲ ሃርቶኖንና ሩዲ ጉናዋንን 15 ለ 11 እና 15 ለ 7 ረቱ።

በጥንድ ጨዋታ የተመልካች ዓይን የሚያርፈው ከኋላ ዘሎ ላባዋን ኳስ ቁልቁል በሚያጮላት ተጫዋች ላይ ነው። ከፊት የቆመው ጓደኛው ከጀርባው የሚሆነውን አያይም። የሚያየው የተጋጣሚዎቹን ራኬት ብቻ ነው፤ ራኬቱን ከፍ አድርጎ ይጠብቃል፣ ኳሷ ከመረቡ ጥቂት ከፍ ብላ ከመጣች እዚያው ይጨርሳታል። ሥራው ሁሉ ጓደኛው ምን እንደሚያደርግ ሳያዩ ማወቅ ነው። ፓርክ በፍጥነቱና መረብ ላይ ባለው ብልጠት የታወቀው በዚህ ሙያ ነው።

ጃፓን ሲደርስ ያገኘው ግን የተበታተነ ቤት ነበር። ምርጥ ተጫዋቾች የኩባንያ ሠራተኞች ናቸው፤ ደመወዛቸውም፣ አሰልጣኛቸውም፣ የልምምድ አዳራሻቸውም የኩባንያው ነው። ብሔራዊ ቡድን ማለት ውድድር ሲቃረብ ለጥቂት ቀናት ተሰብስቦ የሚበተን ስብስብ ነበር። ፓርክ ረጅም የጋራ ካምፕ ጀመረ፤ የነጠላና የጥንድ አሰልጣኞችንም ለየ። በ2008 ቶኪዮ ውስጥ የብሔራዊ ማሠልጠኛ ማዕከል ሲከፈት ቡድኑ ቋሚ ቤት አገኘ። እኔን ከየትኛውም ዋንጫ በላይ የሚገርመኝ ይህ አሰልቺ የሚመስል የአደረጃጀት ሥራ ነው።

ፍሬው ቀስ እያለ መጣ። በቤይጂንግ ኦሊምፒክ በሴቶች ጥንድ ሚዩኪ ማኤዳና ሳቶኮ ሱኤትሱና የዓለም ቁጥር አንድ የነበሩትን ቻይናውያን አሰናብተው አራተኛ ወጡ። ለንደን ላይ ሚዙኪ ፉጂና ሬይካ ካኪዋ ብር አመጡ፤ የጃፓን የመጀመሪያው የኦሊምፒክ የባድሜንተን ሜዳሊያ ነው። በ2014 ወንዶቹ ኒው ዴልሂ ላይ ማሌዥያን 3 ለ 2 አሸንፈው የወንዶች ብሔራዊ ቡድኖች የዓለም ውድድር የሆነውን የቶማስ ዋንጫን ለመጀመሪያ ጊዜ ወሰዱ።

ሪዮ ላይ የሆነው ደግሞ ልብ የሚያቆም ነበር። ሚሳኪ ማትሱቶሞና አያካ ታካሃሺ በሴቶች ጥንድ ፍጻሜ ከዴንማርኮቹ ጋር አንድ አንድ ሆነው በሦስተኛው ዙር 19 ለ 16 እየተመሩ ነበር። ጃፓኖቹ አምስት ነጥብ በተከታታይ አስቆጥረው 21 ለ 19 ጨረሱ። የጃፓን የመጀመሪያው የኦሊምፒክ የባድሜንተን ወርቅ በጥንድ መገኘቱ አሰልጣኙን ለሚያውቅ አይደንቅም።

ሁሉንም ለእሱ መስጠት ግን አድልዎ ይሆናል። የጃፓን ከዋክብት የሆኑት ኬንቶ ሞሞታ፣ ዩታ ዋታናቤና አሪሳ ሂጋሺኖ የተኮተኮቱት ፉኩሺማ ውስጥ ቶሚዮካ በነበሩ ትምህርት ቤቶች ነው። ደግሞም ብዙ የተጠበቀበት የቶኪዮ ኦሊምፒክ በአንድ ነሐስ ብቻ አለቀ።

በዚህ መሐል የፓርክ እናት አገር የኮሪያ ቤት ታወከ። በነሐሴ 2024 በፓሪስ ኦሊምፒክ ኮሪያዊቷ አን ሴ ዮንግ በነጠላ ወርቅ ባገኘች ዕለት የኮሪያን የባድሜንተን ማኅበር በአደባባይ ወቀሰች። የጉልበት ጉዳቷ በወጉ እንዳልተያዘ፣ ብሔራዊ ቡድኑም ለጥንድ እንደሚያደላና የነጠላ ተጫዋቾች ሥልጠና ለብቻው መሆን እንዳለበት ተናገረች። ተጫዋቾች የማኅበሩን ስፖንሰር ዕቃ እንዲጠቀሙ መገደዳቸውም መነጋገሪያ ሆነ፤ መንግሥትም ምርመራ ከፈተ።

በጥር 2025 ማኅበሩ አዲስ ፕሬዚዳንት መረጠ፤ ኪም ዶንግ ሙንን። ፓርክ ጡረታውን ትቶ ከራ ክዩንግ ሚን ጋር በተሰለፈበት የ1996 አትላንታ ኦሊምፒክ የድብልቅ ጥንድ ፍጻሜ፣ ከጊል ዮንግ አ ጋር ሆኖ ወርቁን የነጠቀው ይኸው ኪም ነው። በሚያዝያ ፓርክ የኮሪያ ዋና አሰልጣኝ ሆነ፤ የያኔው ባላጋራው አለቃው ሆነ ማለት ነው። በነሐሴ ደግሞ ፓሪስ ላይ ከሶ ሱንግ ጄ ጋር የወንዶች ጥንድ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ኪም ዎን ሆ የጊል ዮንግ አ ልጅ ነው።

ይህ ሁሉ ግጥምጥሞሽ ደስ ይላል፤ የአንን ጥያቄ ግን አይመልስም። ቡድኑ ለጥንድ ያደላል ብላ ለተከራከረች ልጅ የመጣላት አገሪቱ ካፈራቻቸው የጥንድ ተጫዋቾች ሁሉ ስመ ጥሩው ነው። ደግነቱ ነጠላንና ጥንድን ለይቶ ማሠልጠንን ቶኪዮ ውስጥ ሠርቶ ያሳየውም እሱ ነው። የስፖንሰሩና የሕክምናው ጉዳይ ግን ከአሰልጣኝ ሥልጣን በላይ ነው፤ ያ የኪም ዶንግ ሙን ቢሮ ዕዳ ነው።