ከገብሱ በፊት ሣሩ

በዓለ ንግሥ በቀረበ ቁጥር ከቅጥሩ ውጭ በዋርካው ሥር የሚታሰሩትን ፈረሶችና በቅሎዎች ሳይ አንድ ያረጀ ኀዘን ይቀሰቀስብኛል። ዛሬ ብዙው ተሳላሚ በመኪና ቢመጣም ከደጋው ወገን በፈረስ የሚመጣው አልቀረም። ስለ እንግዳ መስተንግዶ በዚህ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ተነግሯል፤ እኔ ዘንድሮ እንግዳውን ተሸክሞ ስለሚመጣው እንስሳ ጥቂት ልጽፍ ወደድሁ።

ወደ ገዳም በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ነው፤ ገና ዳዊት ደግሜ ዜማ የጀመርሁ ረድእ ነበርሁ። አንድ ሽማግሌ የሁለት ቀን መንገድ ተጉዘው ለዓይን ሲይዝ ደረሱ። የፈረሳቸው ላብ ደርቆ ጨው ሆኖበታል፤ ጎኑም ገብቷል። እርሳቸው ወደ እንግዳ ቤት ሲገቡ ፈረሱን ለእኔ አደራ ሰጡኝ። አዘንሁለት። ከዕቃ ቤት አንድ ቁና ገብስ አምጥቼ አፈሰስሁለት፤ ሲጨርስም ደገምሁለት። ሲበላ እያየሁ ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ሌሊት ለጸሎት ስንነሣ ፈረሱ በፊት እግሩ መሬቱን ይጭራል፤ አንገቱን እያዞረም ጎኑን ይመለከታል። ሲነጋ ወድቆ ይንከባለል ጀመር፤ ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፋ፤ ፀሐይ ሳትበረታ ሞተ። ሽማግሌው አልተቆጡኝም። ኮርቻቸውን ተሸክመው በእግራቸው ተመለሱ። «ዓይን በልቶት ነው» ተባለ፤ እኔም ከአርባ ዓመት በላይ ይህንኑ አምኜ ኖርሁ።

እውነቱን የነገረኝ ካቻምና ለሱባኤ የመጣ፣ በሳውዲ ዓረቢያ በሪያድ ከተማ ብዙ ዘመን በፈረስ ጋጣ ያገለገለ ወንድም ነው። ታሪኩን ሳጫውተው ጥቂት ዝም ብሎ፣ «ይቅር ይበሉኝ አባ፣ የገደለው ገብሱ ነው» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፈረስ እንደ በሬ አያመሰኳም፤ ጨጓራውም አንድ፣ ለአካሉም እጅግ ትንሽ ናት። ታላላቆቹ የውጭ አገር ፈረሶች እንኳ ጨጓራቸው ከ8 እስከ 15 ሊትር ቢይዝ ነው። ቀኑን ሙሉ ጥቂት ጥቂት ሣር እየነጨ እንዲውል የተፈጠረ ነውና ምራቁ የሚመነጨው ሲያኝክ ብቻ ነው፤ ሣር ደግሞ ብዙ ያስኝከዋል። እህል ግን ቶሎ ይዋጣል። በአንድ ጊዜ ብዙ እህል ሲገባ በቀጭኑ አንጀት መፈጨት የነበረበት ሳይፈጭ ያልፍና ወደ ኋለኛው ሰፊ አንጀት ይወርዳል። በዚያም ሣሩን የሚያብላሉ ረቂቃን ሕዋሳት አሉ፤ እህሉ በደረሳቸው ጊዜ እንደ ጠላ ጥንስስ ይፈላል፤ ጋዝና አሲድ ይሞላል። ፈረስ ደግሞ ማስታወክ አይችልም። ከቁርጠቱ ቢተርፍ እንኳ መርዙ ወደ ኮቴው ወርዶ በውስጡ ብግነት ያስነሣና አንካሳ ሊያደርገው ይችላል።

ሪያድ ስለ ፈረስ የሚያውቅ ከተማ ነው። በጀናድሪያ ባለው በንጉሥ አብዱልአዚዝ የፈረስ መሮጫ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ የሳውዲ ዋንጫ ይካሄዳል፤ የዋናው ግልቢያ ሽልማት 20 ሚሊዮን ዶላር ነው። እንዲህ ያለ ገንዘብ የሚታሰብላቸው ፈረሶች ምን ይመገባሉ ብዬ ብጠይቀው፣ ከሁሉ አስቀድሞ ድርቆሽና አልፋልፋ ነው አለኝ። ድርቆሹ በሚዛን ተለክቶ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይሰጣል፤ እህሉ ከዚያ በኋላ፣ በጥቂት በጥቂቱ፣ እንደ ሥራው መጠን ነው። ያገሩ የከርሰ ምድር ውኃ እየጎደለ መንግሥቱ አረንጓዴ መኖ መዝራትን ስለ ገደበ ብዙው ሣር በመርከብ ይመጣል። እኛ ደጃችን ላይ የበቀለውን ሳናጭድ ዝናብ ያበሰብሰዋል፤ ይህን ስሰማ አፈርሁ። በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ስለሚሆን ውኃና ጨው ከፊታቸው አይጠፋም። ለእኛ አሞሌ ይበቃል፤ በግርግሙ አጠገብ ተሰቅሎ ይላሰው።

መጽሐፈ ነገሥት የሰሎሞንን ፈረሶች ቀለብ ሲያወሳ ገብስና ጭድን አንድ ላይ ያነሣል። ስናነበው ገብሱን አይተን ጭዱን እናልፈዋለን መሰለኝ።

ያገራችን ፈረስ ትንሽ ነው። 250 ኪሎ ለሚመዝነው በቀን ቢያንስ 4 ኪሎ ያህል ደረቅ ሣር ያስፈልገዋል፤ ቢጨመርለት መልካም ነው። ገብስ ወይም አጃ ሲሰጠው በአንድ ጊዜ ከ1 ኪሎ አይብለጥ፤ ተሸርክቶ ወይም ተዘፍዝፎ ቢሆን ይሻላል። ጭድ ሆድ ይሞላል እንጂ ብዙ ኃይል የለውም፤ ውኃ ካነሰውም አንጀት ይደፍናል። የሻገተ ድርቆሽ ለፈረስ መርዝ ነው፤ «ለከብት ይሆናል» ብላችሁ የምታስቀሩትን ለእርሱ አትስጡ። ጓያም በተራበ ዘመን ሰውን እንደሚያሽመደምድ ሁሉ ዘወትር የሚቀለበውን ፈረስ ያሽመደምዳል።

አዲስ መኖ ሲለመድ ከ7 እስከ 10 ቀን ይፈልጋል። በአዊ ምድር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን ያከብራል፤ ለእንዲህ ያለ ግልቢያ ወይም ለረጅም መንገድ ፈረሱን የሚያሰናዳ ሰው ገብሱን በዋዜማው አይጀምር። የደከመውን ፈረስ ደግሞ መጀመሪያ ኮርቻውን አውርዱለት፤ ቀስ እያላችሁ አመላልሱት፤ ውኃውን በትንሽ በትንሹ ደጋግማችሁ አጠጡት፤ ከዚያ ድርቆሽ ስጡት። ገብሱ ለማግሥቱ ይቆየው።

በዘንድሮው በዓል በምሥራቁ በር አጠገብ የድርቆሽ ክምርና ሁለት የውኃ ገንዳ ተዘጋጅቷል። አርድእቱ ተመክረዋል፤ ገብስ ቢለምኗቸው ሣር ይሰጧችኋልና አትቀየሟቸው። ያ ሽማግሌ ወደ ገዳማችን ተመልሰው አልመጡም። የልጅ ልጆቻቸው ግን ይመጡ ይሆናል፤ ከእነርሱ አንዱ ይህን ካነበበ እኔ ዘንድ ይምጣ፣ በሰሜን በኩል ባለው በዓት እገኛለሁ።