ስለ ሁለተኛው ማሳያ አጠቃቀም፤ ከላሊበላ ቅርስ ጥናት አንጻር

በላስታ ደጋ የሚገኙት 11 የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በ1978 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ መግባታቸው የታወቀ ነው። ሆኖም ሁሉም ለሁሉ የሚታዩ አይደሉም። ወደ ቤተ ጎልጎታ ሴቶች አይገቡም፤ በዚያው ያለው የሥላሴ መቅደስም እንደ ልማዱ ለምእመናን ዝግ ነው። ስለዚህ በጎልጎታ ግድግዳ በሰው ቁመት ልክ የተቀረጹትን የቅዱሳን ምስሎች ሴት ተማሪዎች ሊያጠኑ የሚችሉት በፎቶግራፍ ነው። ፎቶግራፉን ለጉባኤ የሚያሳየው ሰው ኃላፊነትም ከዚህ ይጀምራል።

ኮምፒውተርን ከፕሮጀክተር ጋር ስናገናኝ ሁለት መንገድ አለን። አንደኛው ማባዛት ሲሆን፣ በአቅራቢው ፊት ያለው ሁሉ ለተመልካችም ይታያል። ሁለተኛው ማራዘም ነው፤ በዚህ ጊዜ ኮምፒውተሩ ሁለቱን ማሳያዎች ለየብቻ ይቆጥራቸዋል። በዊንዶውስ ይህን ለመምረጥ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍና «ፒ»ን አንድነት መጫን ይበቃል። ከዚያ በኋላ ፓወርፖይንት ወይም በነጻ የሚገኘው ሊብሬኦፊስ ኢምፕሬስ ለአቅራቢው ማስታወሻውን፣ ተከታዩን ስላይድና ሰዓቱን ያሳየዋል፤ ለጉባኤው ግን የወቅቱን ስላይድ ብቻ ያወጣል። በገለጻው መካከል «ቢ» ቢጫን የጉባኤው ማሳያ ይጨልማል፤ ተመልካቹም ዓይኑን ወደ ተናጋሪው ይመልሳል።

የልዩነቱን ጥቅም በቤተ ክርስቲያን መጋረጃ መስለን ልንረዳው እንችላለን። ከመጋረጃው በስተኋላ የሚሰናዳው ሁሉ ወደ ሕዝቡ አይወጣም፤ የሚወጣው ጊዜው የደረሰው ነው። ካህናቱ ለጥናት ብቻ የፈቀዱት ሥዕል ከሌሎች ጋር በአንድ ማኅደር ቢገኝና አቅራቢው በማባዛት ላይ ሆኖ ቢፈልግ፣ ያልተፈቀደው በአደባባይ ይታያል። ይህም የአንድ ቀን ሐፍረት ብቻ አይደለም፤ ከእርሱ በኋላ ለሚመጣው ተመራማሪ በሩን ሊዘጋ ይችላል።

የፊደልም ነገር ሊዘነጋ አይገባም። ዩኒኮድ የግዕዝን ፊደል ያካተተው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው በ3.0 እትሙ ነው። ከዚያ አስቀድሞ የተሠሩት የአማርኛ ፎንቶች ፊደላችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ያስቀመጡ ስለ ነበሩ፣ በእነርሱ የተጻፈ ስላይድ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ምልክት ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ጽሑፉን በዩኒኮድ ማዘጋጀት፣ በተጨማሪም በፒዲኤፍ አንድ ግልባጭ መያዝ ይበጃል።

በጠቅላላው ሁለተኛው ማሳያ የመጀመሪያው ግልባጭ ሊሆን አይገባውም። ጉባኤ ከመግባቱ በፊት ማራዘሙን ማረጋገጥ፣ ለማሳየት የተፈቀዱትን ሥዕሎች ብቻ ለይቶ በአንድ ማኅደር ማኖር የአቅራቢው ግዴታ መሆኑን እናሳስባለን።