ተበላሸ ተብሎ ስለሚመለሰው የውሃ ፓምፕ

ለቧንቧና ለብረታ ብረት ዕቃ ነጋዴዎች እንደሚታወቀው፣ ትንሹን የውሃ ፓምፕ ያህል ሻጭንና ገዢን የሚያጨቃጭቅ ዕቃ ጥቂት ነው። ገዢው «ተቃጥሏል» ብሎ ያመጣዋል፤ ሻጩም የዋስትናውን ወረቀት አይቶ፣ ወይም የቤቱን ስም ለመጠበቅ ሲል፣ በአዲስ ይለውጥለታል። የተመለሰው ፓምፕ ግን በሱቁ ጓሮ ከባልዲ ውሃ እንዲስብ ቢሞከር ያለ አንዳች ጉድለት ሲሠራ ይገኛል። እንግዲህ በውጭ ምንዛሪ የመጣ ደኅና ዕቃ «የተመለሰ» ተብሎ በግማሽ ዋጋ ይሸጣል ማለት ነው።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ በጸሐፊነት በማገለግልበት የንግድ ቤት የደረሰ ነገር ነው። በደብረ ብርሃን ሆቴል ያላቸው አንዲት ወይዘሮ ከእኛ የገዙትን ፓምፕ ሁለት ጊዜ መልሰው፣ ሁለት ጊዜም አስለውጠው ነበር። በሦስተኛው ጊዜ ሲመጡ በፊታቸው በባልዲ ሞክረን፣ «እትዬ፣ ይኸው እኮ ይሠራል» አልኋቸው። እርሳቸውም፣ «ልጄ፣ እዚህ ቢሠራ ለእኔ ምን ይረባኛል? ጉድጓዴ ያለው ደብረ ብርሃን ነው» አሉኝ። ወይዘሮዋ ይህን የተናገሩት ተቈጥተው ነበር፤ ነገር ግን የችግሩ ምክንያት በዚሁ ንግግራቸው ውስጥ ነበረ።

ብዙ ሰው ፓምፕ ውሃን እንደ ገመድ ጎትቶ የሚያወጣ ይመስለዋል። ይህ ትክክል አይደለም። ፓምፑ የሚያደርገው በመሳቢያው ቧንቧ ውስጥ ያለውን አየር ማሳሳት ብቻ ነው፤ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው በጉድጓዱ ውሃ ላይ የተጫነው የውጭው አየር ክብደት ነው። ኢጣልያዊው ቶሪቼሊ ይህን የአየር ክብደት በ1644 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቈጣጠር) በጻፈው ደብዳቤ አስረድቷል። በ1648 ዓ.ም. ደግሞ የፓስካል እኅት ባል የሜርኩሪ ቱቦ ይዞ በፈረንሳይ አገር ፑይ ደ ዶም በሚባለው ተራራ ላይ ወጥቶ፣ ከፍታ ሲጨምር የአየሩ ግፊት የሚቀንስ መሆኑን በዐይኑ አየ። በባሕር ወለል ያለው አየር ውሃን እስከ 10.3 ሜትር ሊገፋ ይችላል። 2,350 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት በአዲስ አበባ ግን ይኸው ጉልበት ከ8 ሜትር በታች ነው፤ 2,800 ሜትር ገደማ በሆነችው በደብረ ብርሃን 7 ሜትር ተኩል ያህል ቢሆን ነው።

ይህም በሐሳብ ደረጃ ነው፤ በሥራ ላይ ቧንቧውና ክርኖቹ ውሃውን ስለሚያጓትቱት፣ ፓምፑም አየሩን ፈጽሞ ሊያወጣው ስለማይችል፣ የሚገኘው ከዚህ ያነሰ ነው። በፓምፑ መለያ ላይ «መሳቢያ 8 ሜትር» ተብሎ የሚጻፈው ቍጥር በባሕር ወለል የሚሠራ ነው። ለእያንዳንዱ 1,000 ሜትር ከፍታ 1 ሜትር ያህል መቀነስ ይገባል። እንግዲህ ይኸው ፓምፕ በድሬዳዋ ወደ 7 ሜትር የሚጠጋ ሲስብ በአዲስ አበባ 5 ሜትር ተኩል፣ በደብረ ብርሃን 5 ሜትር ገደማ ይስባል። የወይዘሮዋ ጉድጓድ ውሃ በበጋ ከፓምፑ 6 ሜትር ተኩል ዝቅ ብሎ ተገኘ። መለኪያው የጉድጓዱ ጥልቀት ወይም የቧንቧው ርዝመት አይደለም፤ ከውሃው ፊት እስከ ፓምፑ ያለው ቀጥ ያለ ከፍታ ነው፤ እርሱም ክረምትና በጋ ይለያያል።

ከፍታው ልክ ሆኖ ሳለ ውሃ ካልመጣ፣ አየር የሚገባበትን መፈለግ ነው። በመሳቢያው በኩል ያለች የቀጭን ፀጕር ያህል ስንጥቅ ውሃ አታንጠባጥብም፤ አየር ግን ታስገባለች፤ ስለዚህ ባለቤቱ «ምንም አያፈስም» ብሎ ቢምል እውነቱን ነው። የመሙያውን ብሎን ፈትቶ ፓምፑንና ቧንቧውን በውሃ መሙላት፣ ከዚያም ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ይገባል። ውሃው ከጐደለ፣ በቧንቧው ጫፍ ያለው ውሃ የማይመልሰው ቫልቭ (በገበያ ፉት ቫልቭ የሚባለው) ጭቃ ወይም ጠጠር ይዞታል፣ አለዚያም መጋጠሚያው ላልቷል። ሁሉን በቴፍሎን እንደገና ማሰር ብዙ ጊዜ ነገሩን ይጨርሳል። ባለሱቅ ሆይ፣ ለመሳቢያ የአትክልት ማጠጫ ስስ ጎማ አትሽጥ፤ ፓምፑ ሲስብ ጎማው እንደ ባዶ ስልቻ ይጣበቃል፤ ጥፋቱም በፓምፑ ይላከካል።

ኤሌክትሪክ ሲገባ እያንጐራጐረ ሳይዞር የሚቀረው ፓምፕ ሌላ ነገር ነው። ቶሎ ማጥፋት ይገባል፤ እንዲሁ ከተተወ በእውነት ይቃጠላልና። በመጋዘን ወራት የቈየ ፓምፕ፣ ፋብሪካው ሲሞክረው በቀረበት እርጥበት ውስጡ ዝጎ፣ ውሃውን የሚያሽከረክረው መዘውር ይጣበቃል። ሶኬቱን ነቅሎ ከኋላ ያለውን የማራገቢያ ክዳን በመክፈት ዘንጉን በካቻቢቴ ቀስ አድርጎ ማዞር ነው። ዘንጉ በነጻ እየዞረ ሞተሩ የማይነሣ ከሆነ ኮንደንሰሩን ማስመርመር፤ ዋጋው ከፓምፑ ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ሰው የማይጠረጥረው ደግሞ የኤሌክትሪኩ መድከም ነው። የሞተር ጉልበት በቮልቱ ልክ ብቻ አይቀንስም፤ 220 ቮልት ወደ 180 ሲወርድ ለመነሣት ያለው ጉልበት ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል። በምሽት ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ «የሞተው» ፓምፕ በማለዳ «የሚነሣው» በዚህ ምክንያት ነው።

ለአስመጪዎች አንድ ቃል ልጨምር። ሞተሮች በተለመደው ደንብ የሚሠሩት እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ላለ አገር ነው፤ ከዚያ በላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩን በሚገባ አያቀዘቅዘውም። ለደጋ ገበያ ዕቃ ስታዝዙ አቅራቢውን በጽሑፍ ጠይቁ፤ ወይም ከሚያስፈልገው ጉልበት አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን እዘዙ።

በእኛ ቤት አሁን ፓምፕ ለሚገዛ ሰው ደረሰኝ ከመቍረጤ በፊት የምጠይቀው፣ የሚተከለው በየትኛው ከተማ እንደሆነ፣ በበጋ ውሃው ከፓምፑ ምን ያህል ዝቅ እንደሚል፣ ከቈጣሪው እስከ ፓምፑ ያለው ገመድ ምን ያህል እንደሚረዝም ነው፤ መልሱንም በደረሰኙ ጀርባ እጽፈዋለሁ። ለወይዘሮዋ ባለሙያ ልከን በጉድጓዳቸው ውስጥ 2 ሜትር ዝቅ ያለ የብረት መደብ አሠርተን፣ ፓምፑን ከውሃ ጠብቀን በዚያ ላይ አስቀመጥነው። የተከልነውም ያንኑ መጀመሪያ የመለሱትን ፓምፕ ነው፤ እስከ ዛሬ ይሠራል።