ሥራ የፈታ በቀቀን

በቀቀን የሚያሳድግ ሰው አንድ ማለዳ የወፉ ደረት ተመልጦ፥ የሽቦ ቤቱም ወለል በላባ ተሸፍኖ ቢያገኝ አስቀድሞ የሚጠረጥረው በሽታን ነው። የእንስሳት ሐኪም ሳያየው መቅረት አይገባውም፤ ደዌ ካልተገኘበት ግን ምክንያቱ ሥራ መፍታት ሊሆን ይችላል። በኮንጎና በካሜሩን ደን የሚኖረው ግራጫ በቀቀን የቀኑን ብዙ ሰዓት የሚያሳልፈው ፍሬ በመፈለግና በመፈልፈል ነው። በቤት ግን ምግቡ በሳሕን ቀርቦለት ፈጥኖ ይጠግባልና ምንቃሩ የሚይዘው ሲያጣ ወደ ገዛ ላባው ይዞራል።

መጫወቻው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ቀለም ያልተቀባ ለስላሳ እንጨት፥ የበቆሎ ቆረቆንዳ፥ ጽሕፈት የሌለበት ካርቶን ይበቃል። ጨው ያልነካው የተቆላ ለውዝ በወረቀት ጠቅልለው ቢሰጡት ቀዶ እስኪያወጣው ድረስ ይደክምበታል፤ ወረቀቱ መበጣጠሱም ጨዋታው ነውና ባለቤቱ አይቆጣ። የተተለተለ ክር ግን እግሩን ያንቀዋል፤ ዚንክና እርሳስም ይመርዙታል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው በቀቀን አዲስ ነገር መፍራቱ ነው። መጫወቻውን በድንገት ቢያንጠለጥሉበት ጥግ ይዞ ሊንቀጠቀጥ ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያ ከሚታየው ስፍራ ራቅ አድርጎ ማኖር፥ በየቀኑም ጥቂት በጥቂት ማቅረብ፥ ባለቤቱም ራሱ በፊቱ እየተጫወተ ማሳየት ያሻል። ሽማግሌ ሰው ተቀምጦ ካርቶን ሲቀድ ጎረቤት ይስቅ ይሆናል፤ በቀቀኑ ግን ብዙ ጊዜ አንገቱን አስግጎ ለመቀማት ይመጣል።