የገመድ መቆንጠጫው ፍሬን አይደለም፦ በካይትሰርፊንግ ላይ የተለመዱ እምነቶችና እውነታው

ዱባይ ካይት ቢች ወይም እስራኤል ውስጥ ቤት ያናይ በሚባለው የባሕር ዳርቻ ከሰዓት በኋላ የቆመ ሰው፣ ሰማዩን የሞሉት ካይቶች እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ውኃ ላይ ሲጎትቱ ያያል። ይህን ስፖርት በሚጫወቱ ሰዎች ዘንድ ሥር የሰደደ አንድ እምነት አለ፦ ነፋሱ ሲበረታ የሚያድነው ተጫዋቹ በእጁ ከሚይዘው ዘንግ፣ ከባሩ በላይ ያለው የገመድ መቆንጠጫ፣ ክሊት የሚሉት ነው፤ ገመዱን ስቦ ያስነከሰ ሰው ካይቱን ገርቶታል፤ መቆንጠጫው እስካልለቀቀ ድረስም የሚያሰጋ ነገር የለም። እምነቱ ከመሬት ተነሥቶ የመጣ አይደለም፣ ግማሽ እውነት አለው። አደጋውም ያለው እዚሁ ላይ ነው። መቆንጠጫው ባሕር ከመግባት በፊትና ነፋሱ ቀስ እያለ ሲለወጥ ካይቱን ለማስተካከል የሚያገለግል መሣሪያ ነው። የድንገተኛ ጊዜ መሣሪያ አድርጎ የሚተማመንበት ሰው፣ ጊዜው ሲደርስ እጁ የሚሄደው ወደተሳሳተ ቦታ ነው።

ነገሩን ለመረዳት የገመዶቹን አሠራር ማየት ያስፈልጋል። ካይቱን ከሰውየው ጋር የሚያገናኙት አብዛኛውን ጊዜ አራት ገመዶች ናቸው፤ ርዝመታቸው በተለምዶ ከ20 እስከ 27 ሜትር፣ ውፍረታቸው ደግሞ 2 ሚሊሜትር አይሞላም። ሁለቱ የኋላ ገመዶች ከባሩ ሁለት ጫፎች ጋር ይታሰራሉ። ሁለቱ የፊት ገመዶች ግን ባሩ መሐል ባለው ቀዳዳ ከሚያልፈው ወፍራም ገመድ ጋር ይገናኙና ወገብ ላይ ከታጠቁት ማሰሪያ መንጠቆ ጋር ይያያዛሉ። የካይቱን ሸክም በአብዛኛው የሚሸከሙት እነዚህ የፊቶቹ ናቸው። ባሩ ወደ ላይ ሲገፋ የኋላ ገመዶቹ ይላላሉ፤ የካይቱ የኋላ ጠርዝ ይነሣል፤ ካይቱ ነፋሱን የሚቀበልበት ማዕዘን ይጠብባል፤ ጉልበቱም ይቀንሳል። መቆንጠጫውም የሚሠራው ይህንኑ ነው፣ የፊት ገመዶቹን በማሳጠር ማዕዘኑን ያጠባል። ነገር ግን ባሩን መልቀቅ ቅጽበት ሲበቃው፣ መቆንጠጫውን ለመጠቀም አንድ እጅን ከባሩ አንሥቶ፣ ክንድን ዘርግቶ፣ የገመዱን ጭራ ፈልጎ መሳብ ግድ ነው። ክንዱ አጭር ለሆነ ሰው ደግሞ ከባሩ በላይ የተሰቀለ መቆንጠጫ ባሩ ተገፍቶ ሳለ ጨርሶ ላይደረስበት ይችላል።

ነፋስ ይህን ያህል ጊዜ አይሰጥም። የነፋስ ግፊት የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ልክ ነው። ከ15 ኖት ወደ 20 ኖት የገባ ነፋስ ፍጥነቱ የጨመረው በሲሶ ብቻ ቢሆንም ግፊቱ 78 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ 30 ኖት ከደረሰ አራት እጥፍ ይሆናል። ካይቱ ራሱ ሰማይ ላይ እየተወረወረ የሚፈጥረው ተጨማሪ ነፋስ ሲታከልበት ሸክሙ ከዚህም ይበልጣል። መቆንጠጫው ደግሞ ገደብ አለው፤ ገመዱ ተስቦ ካለቀ የሚያሳጥረው የለም። ከልክ በላይ ከተሳበም የኋላ ገመዶቹ ስለሚላሉ ባሩን ቢያዞሩት ካይቱ ቶሎ አይታዘዝም፤ ሰውየው ጉልበት ቀነስኩ ሲል መሪውን ያጣል።

ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች በዚህ ላይ የሚያነሡት ተቃውሞ አለ፦ ለዓመታት በኃይለኛ ነፋስ መቆንጠጫውን እየሳብን ተጫውተናል፣ ምንም አልሆንንም ይላሉ። እውነት ነው፤ ግን እነዚህ ሰዎች የሚስቡት ነፋሱን አስቀድመው አይተው ነው። ከራቅ ያለው ውኃ ሲጠቁር ያነባሉ፣ ግፊያው ሳይደርስ ያስተካክላሉ፣ ሲደርስም ባሩን ይለቃሉ። እምነቱ የተወለደበት ዘመንም ሌላ ነበር። ፈረንሳውያኑ ወንድማማቾች ብሩኖና ዶሚኒክ ለጌኙ በአየር የሚነፋውን ካይት የፈጠራ መብት ያስመዘገቡት እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። በመጀመሪያዎቹ እንዲህ ዓይነት ካይቶች ባሩን መግፋት የሚቀንሰው ጉልበት ትንሽ ስለነበር በመቆንጠጫው መተማመን ምክንያት ነበረው። በ2000ዎቹ አጋማሽ ቦው የሚባለው የካይት ዓይነት ከመጣ ወዲህ ግን ባሩን መልቀቅ ብቻውን ጉልበቱን ከሞላ ጎደል ያጠፋል። ካይቱ ተለወጠ፣ ምክሩ ግን ሳይለወጥ ከአፍ ወደ አፍ ቀጠለ።

ሁለተኛው እምነት ስለ መንሸራተት ነው። ገመዱ ሲያዳልጥ መቆንጠጫው ስላለቀ ነው፣ ወይም ስፕሪንጉ ስለደከመ ነው ይባላል። ካይት ላይ በብዛት የሚታየው ክላምክሊት የሚባለው መቆንጠጫ ግን ስፕሪንግም ሆነ ሌላ የሚንቀሳቀስ ክፍል የለውም። ቀረብ ብለው ቢያዩት ወደ ታች እየጠበበ የሚሄድ ቦይ ነው፤ በግራና ቀኝ ግድግዳው ላይ ያጋደሉ ጥርሶች ተደርድረዋል። ገመዱ በተጎተተ ቁጥር ጥርሶቹ ወደ ጠባቡ የቦዩ ወለል ይመሩታል፤ ሸክሙ ራሱ ያጠብቀዋል። በብዙዎቹ አሠራሮች ገመዱ በላይኛው ቀለበት ዞሮ ስለሚመለስ ወደ መቆንጠጫው የሚደርሰው የሸክሙ ግማሽ ያህል ነው። ስለዚህ የመንሸራተት ምክንያት ሲፈለግ መጀመሪያ መታየት ያለበት ገመዱ ነው። የገመዱ ውስጠኛ ክፍል ብዙውን ጊዜ ዳይኒማ በሚባለው ፋይበር የተሠራ ነው፤ ይህ ፋይበር በውኃ ላይ የሚንሳፈፍ፣ ለክብደቱ እጅግ ጠንካራ፣ ነገር ግን በጣም አዳላጭ ነው። ጥርሶቹ የሚነክሱት ከላይ ያለውን ሽፋን ነው። ተጫዋቹ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ስለሚያስነክሰው ሽፋኑ እዚያው ላይ ይሻክራል፣ ይላጣል፣ ገመዱም ይቀጥናል። የቀጠነ ገመድ በቦዩ ወለል ላይ ያርፍና ጥርሶቹ ሳይጨብጡት ያልፋል። ወፍራም ገመድ መግዛትም መፍትሔ አይሆንም፣ ለቦዩ የሚበዛ ገመድ ወደ ጠባቡ ክፍል አይወርድምና። ልኩን የጠበቀ አዲስ ገመድ፣ ከዚያም ጨውና አሸዋ ከጥርሶቹ መሐል እንዲወጣ በንጹሕ ውኃ ማጠብ፤ ችግሩ በአብዛኛው እዚህ ላይ ያበቃል። ሽፋኑ ተከፍቶ ውስጡ የታየ ገመድ ግን ሳይዘገይ መለወጥ አለበት፤ ካይቱን ከወገብ ጋር የሚያያይዘው እሱ ነውና።

ሦስተኛው እምነት ስለ ማገጃ ኳሷ ነው። በባሩ መሐል በሚያልፈው ገመድ ላይ የምትሰካው ይህች ኳስ ባሩ ከእጅ እንዳይርቅ ትገታለች፤ ዝቅ ባለች ቁጥር ጀማሪ ይመቸዋል፣ ስለዚህም ደህና ይሆናል ይባላል። ምቾቱ እውነት ነው። ከመንጠቆው ተላቀው ለሚዘልሉ ተጫዋቾችም ባሩ እንዳይሸሽ ኳሷ ዝቅ ማለቷ ትጠቅማለች። በመንጠቆ ለሚጫወት ሰው ግን ዝቅ ያለች ኳስ ባሩን ቢለቀውም ወደ ላይ እንዳይሄድ ትይዝበታለች፣ ካይቱም ጉልበቱን እንደያዘ ይጎትተዋል። ኳሷ ስታዳልጥበት ገመዱ ላይ በራሱ እጅ ቋጠሮ የሚያስር ሰው ከዚህ የባሰ ያደርጋል። ቋጠሮ የዳይኒማን ጥንካሬ በእጅጉ ይቀንሳል፤ በዚያ ላይ እንደ ኳሷ በእጅ ገፍቶ ማንሣት አይቻልም።

የሚያድነው መሣሪያ ሌላ ነው። ወገብ ላይ ያለው ፈጣን መፍቻ ሲገፋ መንጠቆው ላይ ያለው ቀለበት ይከፈታል፤ ባሩ በአንዱ የፊት ገመድ ላይ ወደ ካይቱ ይሸሻል፤ ካይቱ በአንድ ገመድ ብቻ ይንጠለጠልና ነፋሱን አፍስሶ ይወድቃል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው አይኤስኦ 21853 የተባለው ዓለም አቀፍ መለኪያ የተዘጋጀውም ለዚህ የመፍቻ ሥርዓት ነው። መፍቻው የሚሠራው ግን ያ አንድ ገመድ ያለ እንቅፋት ከሮጠ ብቻ ነው። ቋጠሮ፣ የተጠማዘዘ ገመድ ወይም የጠጠረ አሸዋ ካገደው ካይቱ ከመውደቅ ይልቅ መጎተቱን ይቀጥላል። ይህን ለማወቅ ባሕር መግባት አያስፈልግም፤ ካይቱ ገና ሳይነሣ፣ ገመዱን አንድ ሰው ወጥሮ ይዞት፣ አሸዋው ላይ መፍቻውን ገፍቶ ባሩ እስከ መጨረሻው መሸሹን ማየት ይበቃል። መቆንጠጫውን ማስተካከል ከዚህ በኋላ ይደርሳል።