ብቻህን አትታገል
(ከሬዲዮ ስብከት ለትራክት የተዘጋጀ)

የተወደዳችሁ ወገኖች፣ ዛሬ በተለይ በአሜሪካ ለምትኖሩ ከመጠጥ ሱስ ለመውጣት ስለሚረዱ የመደጋገፊያ ቡድኖች እናስተምራለን።

«ፓስተር፣ እኛ እኮ አማኞች ነን፤ መጠጥ ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። ወገኔ፣ አገባን! በእኛ ዘንድ መጠጣት ነውር ስለሆነ የሚጠጣው ሰው ይደበቃል። ከሌሊት ሥራ ወጥቶ መኪናው ውስጥ ይጠጣል፤ እሁድ ማስቲካ አኝኮ ጉባኤ ይገባል። ተጸልዮለታል፣ አልቅሷል፣ ቃል ገብቷል። ማክሰኞ ግን ተመልሶ ጠጣ። ከዚያ «እኔ እምነት የለኝም ማለት ነው» ይልና ከኅብረቱም ይቀራል። መጠጡ የጀመረውን መደበቁ ይጨርሰዋል።

ጌታ ያስነሳል፣ ወገን ይፈታል

ጌታ ኢየሱስ አልዓዛርን ሲጠራው ሰውዬው በሕይወት ወጣ፤ እጁና እግሩ ግን ገና በመግነዝ ታስሮ ነበር። ጌታ መግነዙን ራሱ መፍታት አቅቶት ነው? አይደለም። ሥራውን በዙሪያው ለቆሙት ሰዎች ሰጠ (ዮሐንስ 11)። ያዕቆብም በምዕራፍ 5 ፈውስን እርስ በርስ ከመናዘዝ ጋር ያያይዘዋል። ስለዚህ ወደ ቡድን መሄድ ከጸሎት መሸሽ አይደለም።

ቡድኑ ምንድን ነው?

በስፋት የሚታወቀው አልኮሆሊክስ አኖኒመስ፣ በአጭሩ ኤ.ኤ. ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 በኦሃዮ ግዛት፣ አክረን ከተማ፣ ቢል ዊልሰንና ዶክተር ቦብ ስሚዝ ጀመሩት። ሁለቱም የመጠጥ ሱሰኞች ነበሩ። ቢል ለሥራ ወደዚያ ሄዶ ሥራው አልሳካ ሲለው፣ ባረፈበት ሆቴል የመጠጥ ፈተና መጣበት። ያን ጊዜ እንደ እርሱ የሚቸገር ሰው ፈልጎ ለማነጋገር ወደ አንድ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ስልክ ደወለ። በዚያ መነሻነት ነው ከዶክተር ቦብ ጋር የተገናኙት።

በቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚካሄድ ቡድን ለምትፈልጉ ደግሞ ሴሌብሬት ሪከቨሪ አለ። እ.ኤ.አ. በ1991 በካሊፎርኒያ በሳድልባክ ቤተ ክርስቲያን የተጀመረ፣ ክርስቶስን በግልጽ የሚሰብክ አገልግሎት ነው።

እንዴት ይገኛል?

በኤ.ኤ. ድረ ገጽ ወይም «ሚቲንግ ጋይድ» በተባለው የስልክ መተግበሪያ በአቅራቢያችሁ ያሉትን ስብሰባዎች ከነቀናቸውና ከነሰዓታቸው ታገኛላችሁ። «ኦፕን» የተባለው ማንም የሚገባበት ነው፤ «ክሎዝድ» የተባለው መጠጥ ለማቆም ለሚፈልጉ ብቻ ነው። ከቤት መውጣት ላልቻለ በኢንተርኔት የሚደረጉም አሉ። በ1-800-662-4357 ብትደውሉ ደግሞ የመንግሥት ነጻ የስልክ መስመር ቀንም ሌሊትም የሕክምናና የቡድን አድራሻ ይጠቁማል። እንግሊዝኛ የሚከብደው ሰው የሚያምነውን ወንድም ወይም እህት አጠገቡ አድርጎ ይደውል።

የመጀመሪያው ቀን

ስብሰባው ብዙ ጊዜ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ይደረጋል፤ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ቡና አለ። ምዝገባና ክፍያ የለም፤ መዋጮ ቢዞር የፈለገ ብቻ ይሰጣል። የአባት ስም አይጠየቅም። «ዛሬ ለመስማት ነው የመጣሁት» ማለት ይበቃል። እዚያ የተሰማውም እዚያው እንዲቀር ይጠበቃል። ጠጥቶ በማሽከርከር ተይዞ፣ ፍርድ ቤት አዝዞት የመጣም ታገኛላችሁ።

«ሐበሻ ባገኝስ?» ትል ይሆናል። እርሱም አንተ የመጣህበትን ነገር ብሎ እኮ ነው የመጣው!

ስለ እግዚአብሔር ሲነገር «እያንዳንዱ እንደሚረዳው» ይባላል፤ ኤ.ኤ. ቤተ ክርስቲያን አይደለምና። ይህ አያስደንግጥህ። አንተ የምትጠራውን ጌታ ታውቀዋለህ፤ እዚያ ተቀምጠህ ስሙን ከመጥራት የሚከለክልህ የለም።

ሲያበቃ ሮጣችሁ አትውጡ። ወንድ ከወንድ፣ ሴት ከሴት ስልክ ተቀበሉ። ፈተናው ሌሊት ሲመጣ የምትደውሉለት ሰው ያስፈልጋችኋል። ቆይቶም «ስፖንሰር» የሚባል፣ በመንገዱ የቀደመ ሰው ትይዛላችሁ። የመጀመሪያው ቡድን ካልተስማማችሁ ሌላ ሞክሩ።

አንድ ማስጠንቀቂያ

በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው በራሱ ውሳኔ በድንገት አያቁም። ከባድ መንቀጥቀጥ፣ መንፈራገጥና ቅዠት ሊመጣ ይችላል፤ ሕይወትም ሊያጠፋ ይችላል። አስቀድሞ ሐኪም ይይ። በአገር ቤት የምትሰሙን በአቅራቢያችሁ ያለውን ሆስፒታል ጠይቁ፤ አዲስ አበባ ያላችሁ አማኑኤል ሆስፒታል ለሱስ ሕክምና ይሰጣል።

ለቤተሰብና ለቤተ ክርስቲያን

ባልሽ ወይም ልጅሽ የሚጠጣ እህቴ፣ ለቤተሰብ የተዘጋጀ አል-አኖን የሚባል ቡድን አለ። እርሱ እምቢ ቢልም አንቺ መሄድ ትችያለሽ።

አገልጋዮች ሆይ፣ ያ የአክረኑ አገልጋይ ስልኩን ባያነሳ ኖሮስ? በእናንተም ዘንድ አንድ ሰው ሊደውል ይችላል። አትገሥጹት፤ ጸልዩለት፣ ከዚያ በመኪናችሁ አድርሱትና ስብሰባው እስኪያልቅ ጠብቁት። ነገሩንም በመድረክ ምሳሌ አታድርጉት።

አንተ ግን፣ ወንድሜ፣ ዛሬ ማታ ብቻህን አትሁን። ለአንድ ሰው ንገር።

ጌታ ሆይ፣ በስውር የሚያለቅሰውን ታያለህ። ለመናገር ድፍረትን ስጠው፤ እኛንም መግነዙን የምንፈታ አድርገን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን!